ስለ ፈረንሳይ ሴቶች ማራኪነትና ሴትነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓሪስ ስለምኖር ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከዱባይም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። በአንደኝነት የሚመጣው «የፈረንሳይ ሴቶች ምስጢራቸው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄውን እወደዋለሁ፤ መልሱ ግን በአንድ የዋትስአፕ መልእክት አያልቅም። ስለዚህ አንድ ላይ ሰብስቤ ጻፍኩት። ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የፈረንሳይ ሴቶች ከሌላው ዓለም ሴት የተለዩ ቆንጆዎች ናቸው እንዴ?

አይደሉም። ሜትሮ ውስጥ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጡትን ብታዩ እንደ የትኛውም አገር ሴት ናቸው። ቆንጆም አለች፣ መልኳ መካከለኛም አለች፣ ከሥራ ደክሟት መስኮቱን ተደግፋ የምታንቀላፋም አለች። ሰው «የፈረንሳይ ሴት» ሲል በሐሳቡ የሚመጣበት መልክ ሳይሆን አኳኋን ነው። አረማመዷ፣ አነጋገሯ፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጣል ያደረገችበት መንገድ። ይሄ ደግሞ አብሯት የተወለደ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ብዙ ዘመን ደክሞ የሠራው ነው። እነዚያን ሰዎች ሳያውቁ ማድነቅ ጎደሎ ይመስለኛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዝና ከየት መጣ?

መጀመሪያ የመጣው ልብስ አልነበረም፤ ጨዋታ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማርኪዝ ደ ራምቡዬ የምትባል የመኳንንት ወገን ፓሪስ ያለውን ቤቷን ለጸሐፊዎችና ለባላባቶች ከፈተች። እንግዶቿን የምትቀበልበት ክፍል በቀለሙ ምክንያት «ሰማያዊው ክፍል» ይባል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ማዳም ዦፍሬን ሰኞ ሰኞ ሠዓሊዎችን፣ ረቡዕ ረቡዕ ጸሐፊዎችን ትጋብዝ ነበር። ይህች ሴት ከመኳንንት ወገን አልነበረችም። ትምህርቷም ያን ያህል አልነበረም። ግን ሰውን ማጫወት፣ ማዳመጥ፣ ክርክሩ ሲጋጋል በአንድ ቃል ማብረድ ታውቅበታለች። ዝናዋ ከፈረንሳይ አልፎ የፖላንዱ ንጉሥ በ1766 ዋርሶ ድረስ ተቀብሎ አስተናግዷታል። ከውጭ የመጡ እንግዶች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውት የሄዱት ወሬ ይህ ነበር፤ ፓሪስ ውስጥ ሴት ትናገራለች፣ ወንዱም ቁጭ ብሎ ይሰማታል የሚል።

ልብሱ ከዚያ በኋላ መጣ። በ1858 ቻርልስ ፍሬደሪክ ዎርዝ የሚባል ልብስ ሰፊ ሩ ደ ላ ፔ በሚባለው መንገድ ላይ ቤት ከፈተ። ከእሱ በፊት የሀብታም ሚስት ጨርቋን መርጣ፣ ሰፊዋን ቤቷ አስጠርታ፣ የፈለገችውን ታሰፋ ነበር። ዎርዝ ነገሩን ገለበጠው። ደንበኛዋ ወደ እሱ ትመጣለች። ልብሱን ሌላ ሴት ለብሳ ታሳያታለች። ከመረጠች በኋላ በልኳ ይሰፋላታል። እንደ ሠዓሊም ስሙን በልብሱ ላይ ያሰፍር ጀመር። የፈረንሳይዋ እቴጌ ኢዩዤኒ የእሱን ልብስ ለበሱ። እቴጌዋን የአውሮፓ መኳንንት ተከተሉ። ከዚያ የአሜሪካ ባለጸጎች ሚስቶች በመርከብ እየመጡ ያሰፉ ጀመር።

ሥዕሉም ታከለበት። ሠዓሊው ሬኖዋር በ1874 ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሥሎ «ላ ፓሪዚየን»፣ ማለትም «የፓሪስ ሴት»፣ ብሎ ሰየማት። ይህ ሥዕል ዛሬ ያለው ፓሪስ ሳይሆን ዌልስ ውስጥ፣ ካርዲፍ ሙዚየም ነው።

ነገሩ ጣሪያ የነካው ግን በ1900 ነው። ፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። በዋናው መግቢያ አናት ላይ አንድ ትልቅ የሴት ሐውልት ቆመ። ቀራጺው ፖል ሞሮ ቮቲዬ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሰው የለመደው የጥንት ግሪክ ልብስ የተጣለባትን አምላክ ነበር። ይህቺ ግን የዘመኑን ፋሽን የለበሰች የፓሪስ ሴት ነበረች። ልብሷን የነደፈችው ዣን ፓካን፣ በጊዜው ስመ ጥር የነበረች የፋሽን ቤት ባለቤት ናት። ብዙ ሰው ሐውልቱን አፌዘበት። ቢሆንም ኤግዚቢሽኑ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ አስተናገደ። ከዚያ ወዲህ የፓሪስ ሴት የአገር ማስታወቂያ ሆና ቀረች።

ይህን ምስል የፈጠሩት ራሳቸው ፈረንሳውያን ናቸው?

ግማሹን ብቻ። ማርኪዝ ደ ራምቡዬ የተወለደችው ሮም ነው። ንግሥት ማሪ አንቷኔት ኦስትሪያዊት ነበረች። ዎርዝ እንግሊዛዊ፣ እቴጌ ኢዩዤኒ ስፔናዊት ናቸው። ከመድረክ ላይ ፓሪስን ያንቀጠቀጠችው ጆሴፊን ቤከር አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ተወልዳ በ1925 መጣች፤ ፈረንሳዊ ዜግነት ያገኘችው በ1937 ነው። ዛሬ ወጣቶች «እንደ ፈረንሳዊት መልበስ» ሲሉ ፎቶዋን የሚለጥፉላት ጄን በርኪን፣ ያቺ በጂንስና በቅርጫት ቦርሳ የምትታወቀው ተዋናይና ዘፋኝ፣ የለንደን ልጅ ነበረች። ለሴት የወንድ የምሽት ሙሉ ልብስን (ቱክሲዶ) በ1966 ያስተዋወቀው ልብስ ነዳፊ ኢቭ ሳን ሎራን የተወለደው አልጄሪያ፣ ኦራን ውስጥ ነው።

ይህን የምዘረዝረው ፈረንሳውያንን ለማሳነስ አይደለም። ከተማዋ ከየትም የመጣውን ሰው የራሷ አድርጋ ማቅረብ ታውቅበታለች ለማለት ነው።

«ሳይለፉ ማማር» የሚባለው ነገር እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ በጣም እፈልገዋለሁ፤ ምክንያቱም ልፋቱን የለፉት ሴቶች ስማቸው የትም አይጠራም።

ሩ ደ ላ ፔ እና አካባቢው የነበሩት ታላላቅ የፋሽን ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ ልብስ ሰፊ ሴቶች ነበሯቸው። እኩለ ቀን ላይ ምሳቸውን ለመቀማመስ መንገዱን ስለሚሞሉት «ሚዲኔት» ይሏቸዋል። ገና በልጅነታቸው ይቀጠራሉ። ወቅቱ ሲደርስ እስከ ሌሊት ያሠሯቸዋል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ያሰናብቷቸዋል።

ግንቦት 1917 ላይ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ ሻንዜሊዜ ላይ የነበረው ዤኒ የሚባል ፋሽን ቤት ሠራተኞቹን «ቅዳሜ ከሰዓት አትሠሩም፣ ደመወዙም አይከፈላችሁም» አላቸው። ኑሮ ጣራ ነክቷል። ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ግንባር ናቸው። ሴቶቹ መርፌያቸውን አስቀምጠው ወጡ። በቀናት ውስጥ የሌሎቹ ቤቶች ሰፊዎች ተቀላቀሏቸው። እየዘፈኑ አደባባይ ለአደባባይ ዞሩ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከነደመወዙ እረፍት እንዲሆን፣ ለኑሮ ውድነቱ ደግሞ በቀን 1 ፍራንክ እንዲጨመር። አሸነፉ። ሰኔ 11 ቀን 1917 በልብስ ሥራ ዘርፍ የቅዳሜ ከሰዓት እረፍት በሕግ ጸደቀ።

ብዙ ጋዜጦች ግን ስለ ጥያቄያቸው ከሚጽፉት ይልቅ ስለ ኮፍያቸውና ስለ ቁንጅናቸው ማተት ነው የመረጡት። ደመወዝ የጠየቀች ሴት «ታምራለች» ተብላ ስታልፍ አስቡት። እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከእነሱ የተረፈ አንድ ልማድ አሁንም አለ። ኅዳር 25 የቅድስት ካትሪን ቀን ነው። 25 ዓመት ሞልቷቸው ያላገቡ የፋሽን ቤት ሠራተኞች በዚያ ቀን አረንጓዴና ቢጫ ኮፍያ ያደርጋሉ። ኮፍያውን ባልደረቦቻቸው ናቸው የሚሠሩላቸው። ድሮ «አላገባሽም» የሚል ሽሙጥ ነበረበት። አሁን የሰፊዎቹ በዓል ሆኗል።

ሲለብሱ ግን የተለየ ነገር የሚያደርጉ ይመስላል። ምንድን ነው?

ልክ። አብዛኛው ነገር ልብሱ በልክ መሆኑ ነው።

ከምኖርበት ፎቅ ሥር አንድ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ አለ። አንድ ቅዳሜ ሱሪ ላሳጥር ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ ሴትዮ መስታወቱ ፊት ቆመዋል። የለበሱት ጃኬት አዲስ አይደለም፤ ሰልባጅ እንደሆነ ለሰፊው ሲነግሩት ሰምቻለሁ። ሰፊው መርፌ ቁልፎቹን ከንፈሩ ላይ ይዞ እጅጌውን ያጥፋል። እሳቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ያዩታል። «ትንሽ ከፍ» ይላሉ። ያጥፋል። እጅጌው የእጃቸው አንጓ አጥንት ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ» አሉ። ከዚያ ዞረው ትከሻውን አዩ። ስፌቱ የትከሻቸው ጫፍ ላይ አርፏል። ጃኬቱን ያስገዛቸው ይሄ መሆኑን ነገሩት፤ እጅጌ ይታጠፋል፣ ወገብ ይጠባል፣ ትከሻ ግን ለማስተካከል ውድ ነው። ሲወጡ ሊፕስቲክ ብቻ ነው የተቀቡት። በኋላ መንገድ ላይ የሚያያቸው ሰው «እንዴት እንዲሁ ያምርባቸዋል» ነው የሚለው።

ሌላው ጥቂት ነገር መያዝ ነው። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ግራጫ። አንዱ ከሌላው ይሄዳል። ርካሽ ሲሆን ለመግዛት ደግሞ የቅናሽ ወቅት ይጠብቃሉ። እዚህ የቅናሽ ሽያጭ በመንግሥት የተወሰነ ነው። በዓመት ሁለቴ፣ ክረምትና በጋ፣ እያንዳንዱ አራት ሳምንት። በመተግበሪያ ያገለገለ ልብስ መግዛትና መሸጥም በጣም የተለመደ ነው፤ ማንም አያፍርበትም።

ሁሉም ሴት እንዲህ ትለብሳለች ማለቴ አይደለም። ሌጊንግና ስኒከር አድርጋ ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርሰው ትበዛለች።

ሜካፕ አይቀቡም ይባላል፤ እውነት ነው?

ይቀባሉ። ግን ገንዘቡንና ጊዜውን ቆዳው ላይ ያውሉታል። እንግዳ ሲመጣብኝ ብዙ ጊዜ ኤፍል ታወርን ካየን በኋላ «ፋርማሲ ውሰጂን» ነው የሚሉኝ። ትክክል ናቸው። የፈረንሳይ ፋርማሲ፣ ያ አረንጓዴ መስቀል የሚበራበት፣ ግማሹ መድኃኒት ግማሹ የቆዳ ቅባት ነው። ላ ሮሽ ፖዜ፣ አቬን፣ ባዮደርማ የሚባሉት እዚያ ነው የሚሸጡት። ቁም ነገሩ ግን ሻጭዋ ነጭ ጋውን የለበሰች ባለሙያ መሆኗ ነው። ቆዳሽ ደረቅ ነው? ይቆጣል? ፀሐይ ላይ ትሠሪያለሽ? ብላ ጠይቃ ነው የምትሰጥሽ። አንዳንዴ ውዱን አስቀምጣ ርካሹን ታነሳለች።

ለእኛ ቆዳ የምትገዙ ከሆነ ከፋርማሲ የምመክረው እርጥበት የሚይዝ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ነው። የቆዳ ማቅያ እዚህም በድብቅ ይሸጣል። አትንኩት።

ሽቶስ? የፈረንሳይ ሴት ያለ ሽቶ አትወጣም ሲባል እንሰማለን።

ሽቶው ከደቡብ፣ ግራስ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው የሚነሳው። ድሮ የቆዳ ፋቂዎች ከተማ ነበረች። የቆዳ ጓንት መጥፎ ጠረኑን ለማጥፋት ሽቶ ይቀባ ስለነበር፣ ሙያው ቀስ በቀስ ወደ ሽቶ ዞረ። ዛሬ የጃስሚንና የጽጌረዳ ማሳ አላት። የሽቶ ሙያዋም በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

የእኛም እጅ እዚህ ውስጥ አለበት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሻኔል ቁጥር 5 የሚባለው ሽቶ በ1921 ለገበያ ሲወጣ፣ የቀመመው ሞስኮ የተወለደው ኤርነስት ቦ ነው። በዘመኑ ጥሩ ሽቶ ቆዳ ላይ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ዝባድ ነበር። ለፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ደግሞ ዋናዋ የዝባድ አቅራቢ ኢትዮጵያ ነበረች። ከጅማ፣ ከከፋ፣ ከኢሉባቦር ገበሬ ጥርኝን በቀፎ አስሮ፣ ከእጢው ዝባዱን በማንኪያ ጠርጎ፣ በከብት ቀንድ ውስጥ አሽጎ ይልክ ነበር። ብቻውን ሲሸት ያጥወለውላል። በጥቂቱ አልኮል ውስጥ ሲሟሟ ግን የአበባውን ሽታ ሙቀት ይሰጠዋል። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች የጥርኙን አያያዝ አጥብቀው ነቀፉ፤ ትክክል ነበሩ። ሻኔል ከ1998 ወዲህ ሰው ሠራሹን እንደሚጠቀም አስታውቋል።

ስለዚህ በ1950ዎቹ አንዲት የፓሪስ ሴት በአጠገባችሁ ስታልፍ ትታችሁ የምትሄደው ሽታ ውስጥ፣ የሊሙ ገበሬ ድካም ሊኖርበት ይችላል።

ዳቦና ቺዝ እየበሉ ለምን አይወፍሩም?

ይወፍራሉ። በ2020 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂ 17 ያህሉ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለባቸው። አሜሪካ ከ40 በላይ ስለሆነ ነው ይሄ ትንሽ የሚመስለው። የምግብ ሰዓት መከበሩና በእግር መሄዱ ይረዳል።

ግን ሌላም ወገን አለው። ቅጥነት እዚህ እንደ ግዴታ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ሴት ልጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ትሰማዋለች። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ መንግሥት ገብቶበታል። ከ2017 ጀምሮ ሞዴሎች የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። በኮምፒውተር የቀጠነ ወይም የወፈረ የሞዴል ፎቶ ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ደግሞ «የተነካካ ፎቶ» የሚል ጽሑፍ እንዲኖረው ሕግ ያዛል።

ዕድሜ ሲገፋ እንኳ «ሴት» ሆነው ይቀጥላሉ የሚባለውስ?

ይህ እውነት ያለበት ነው፤ ከሁሉም በላይ የማደንቀውም ይህን ነው። ኢዛቤል ኡፔር በ1953፣ ዡሊየት ቢኖሽ በ1964 የተወለዱ ናቸው። ሁለቱም ፊልም ላይ የሚያፈቅሩ፣ የሚፈቀሩ፣ የሚሳሳቱ ሴቶች ሆነው ይሠራሉ። «አያት» ብቻ ተብለው ጥግ አልተቀመጡም። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ብሪዢት ማክሮን ከባላቸው በ24 ዓመት ይበልጣሉ። በዚህ ምክንያት የደረሰባቸው ስድብ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ሊቅ ነው አትበሉ።

ከውጭ የማይታየው ሌላው ምክንያት የጤና ሥርዓቱ ነው። የወለደች ሴት ከወለደች በኋላ የማህፀን ሥር ጡንቻዋ እንዲጠነክርላት ከአዋላጅ ወይም ከፊዚዮቴራፒስት ጋር 10 ጊዜ ልምምድ ታደርጋለች፤ ወጪውን የሚሸፍነው የማኅበራዊ ዋስትናው ነው። ሽንት ማምለጥ፣ የወገብ ሕመም፣ ከባል ጋር የሚኖር ችግር፤ እኛ ዘንድ «የወለደች ሴት ነገር» ተብሎ ተሸፋፍኖ የሚታለፈው ሁሉ እዚህ ሕክምና አለው። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ከ2019 ጀምሮ ግዴታ ነው። እናቲቱ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ፊቷ ላይ የምታዩት እፎይታ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

«የፈረንሳይ ሴቶች ለወንድ ቀላል ናቸው» የሚባለው ነገርስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። እባካችሁ ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት።

አባባሉ የመጣው ከመዝናኛ ቤት ነው። ሙላን ሩዥ በ1889 ሲከፈት ከመላው አውሮፓ ወንዶች ካንካን የሚባለውን ዳንስ ሊያዩ ጎረፉ። ከዳንሰኞቹ ታዋቂዋ ላ ጉሊዩ የቀድሞ ልብስ አጣቢ ነበረች። በ1929 በድህነት ሞተች። ወንዶቹ ግን ያዩትን ወደ አገራቸው ወስደው «ፈረንሳዊት እንዲህ ናት» ብለው አወሩት።

ወሬው የደረሰበትን ጣጣ 1944 ላይ ታገኙታላችሁ። የአሜሪካ ጦር ወደ ኖርማንዲ ለሚዘምቱ ወታደሮቹ ባደለው የኪስ መጽሐፍ ላይ፣ ፈረንሳይ የባለጌ አገር ናት የሚለውን ሐሳብ ከጭንቅላታችሁ አውጡ ብሎ ለመጻፍ ተገዷል። ሁሉም አልሰሙም። ነጻ አውጪ ተብለው በገቡበት ምድር ሴቶችን የደፈሩ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ደግሞ የራሳቸው አገር ሰዎች 20,000 ያህል ሴቶችን አገሪቱን ይዘዋት ከነበሩት ጀርመኖች ጋር ተባብራችኋል፣ ተኝታችኋል ብለው ፀጉራቸውን በአደባባይ ላጩ። ከጀርመን ጋር የነገዱ ብዙ ወንዶች ፀጉራቸው አልተነካም።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ በ2018 ተዋናይቷን ካትሪን ደነቭን ጨምሮ 100 ያህል ሴቶች ወንድ ሴትን የመከጀል ነጻነት አለው የሚል ደብዳቤ ለ ሞንድ ጋዜጣ ላይ አወጡ። ከፍተኛ ቁጣ ተነሳ። ደነቭም ብዙ ሳይቆዩ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ይቅርታ ጠየቁ። በ2024 ደግሞ ወይዘሮ ዢዜል ፔሊኮ አቪኞን ፍርድ ቤት ቆሙ። ባላቸው ለዓመታት እያደነዘዘ በብዙ ወንዶች አስደፍሯቸዋል። ችሎቱ በዝግ እንዲሆን መጠየቅ ይችሉ ነበር። በግልጽ ይሁን አሉ። 51 ወንዶች ተፈረደባቸው፤ ባልየው 20 ዓመት። ወይዘሮዋ በየቀኑ ሲገቡና ሲወጡ ሴቶች ተሰልፈው ያጨበጭቡላቸው ነበር። ስለ ፈረንሳይ ሴት ሞገስ ምሳሌ ብጠየቅ የምጠራው የእሳቸውን ስም ነው።

እንዲህ ያማሩት ነጻ ስለሆኑ ነው የሚሉም አሉ።

ነጻነቱ ከዝናው በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። በ1800 የወጣ የፓሪስ ፖሊስ ትእዛዝ ሴት ያለ ፈቃድ ሱሪ እንዳትለብስ ይከለክል ነበር። በኋላ ለፈረስና ለብስክሌት ላላ። ዋጋ የለውም ተብሎ በይፋ የተነገረው ግን በ2013 ነው። ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1944፣ መጀመሪያ የመረጡትም በ1945። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ሥራ እንድትቀጠርና የባንክ ሂሳብ እንድትከፍት የተፈቀደላት በ1965 ነው። ዓለም ዲዮር የሚባለውን ፋሽን ቤት ሰፊ ቀሚስ በ1947 ሲያደንቅ፣ ቀሚሱን የለበሰች ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ የባንክ ሂሳብ መክፈት አትችልም ነበር ማለት ነው።

«የፓሪስ ሴት» ስትባል ለምን ሁልጊዜ ነጭና ቀጭን ናት?

ምክንያቱም ማስታወቂያው እሷን ብቻ ስለመረጠ። ከፈረንሳይ ወደ 68 ሚሊዮን ሕዝብ ፓሪስ ከተማ ውስጥ የሚኖረው ከ2 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። እነሱም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም።

ባማኮ ተወልዳ በፓሪስ ዳርቻ ያደገችው አያ ናካሙራ በኦሎምፒክ መክፈቻ ልትዘፍን ነው ሲባል በዘረኝነት ዘመቱባት። ሐምሌ 26 ቀን 2024 በወርቃማ ልብስ ወጥታ ከሪፐብሊኩ የክብር ዘብ ሙዚቀኞች ጋር ዘፈነች። በዚያ ምሽት አያን ያየ ሰው የፈረንሳይን ሴት አይቷል። ሻሽ የሚያስሩ ሙስሊም ሴቶች ደግሞ ከ2004 ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ ሻሻቸውን ማውለቅ አለባቸው። አለባበስን እንዲህ የሚያደንቅ አገር የእነሱን ምርጫ ሲያጠብ ማየት ያሳዝነኛል።

ከእኛም ሴት አለች። ሊያ ከበደ አዲስ አበባ፣ ሊሴ ገብረማርያም ስትማር ነው ለሞዴልነት የታየችው። ግንቦት 2002 የፈረንሳይ ቮግ መጽሔት አንድ ሙሉ እትም ለእሷ ሰጠ።

ፈረንሳዊት ሴት ትኮራለች፣ ፊት አትሰጥም ይባላል።

ለማያውቁት ሰው ፈገግ ማለት ልማድ አይደለም። እንደ ንቀት አትውሰዱት። አንዴ ከተግባቡ ግን ምሳ ላይ ሦስት ሰዓት ይከራከሯችኋል።

ፓሪስ ልመጣ ነው። ምን ልልበስ?

ምቹ ጫማ። ከተማዋ በእግር የሚታይ ነው፤ የሜትሮው ደረጃም ብዙ ነው። ከላይ በልካችሁ የሆነ ነገር፣ ዝናብ የሚችል ካፖርት፣ አንድ ሻርፕ። የሐበሻ ነጠላም ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ካፖርት ላይ ጣል ስታደርጉት ሰው እያስቆመ ከየት እንደተገዛ ይጠይቃችኋል። ሱቅ ወይም ፋርማሲ ስትገቡ ደግሞ ምንም ከመጠየቃችሁ በፊት «ቦንዡር» በሉ። ሳትሉ ጥያቄ ከጀመራችሁ ሻጭዋ ፊቷን ታጠቁራለች፤ ካላችሁ ግን የምትፈልጉትን መጠን ከመጋዘን ድረስ ሄዳ ታመጣላችኋለች።